የፊንች ጫጩቶች፦ ትንሿ አንገቷ ባዶ ነው፣ ላውጣት ወይስ ልተዋት?

ጀማሪው

ሰላም ሰላም፣ ወፍ በማርባት ገና ጀማሪ ነኝና ጥያቄው ቂል ቢመስላችሁ ይቅርታ። አንድ ጥንድ ዜብራ ፊንች አለኝ፣ ይዣቸው ስድስት ወር ሆኖኛል። ይራባሉ ብዬ ሳይሆን ማታ ይተኙበት ብዬ አንድ ከሳር የተሰራ ጎጆ ኬጁ ውስጥ ሰቀልኩላቸው፣ ሳምንትም አልሞላ፣ እንቁላል! በቀን አንድ አንድ እየጣለች አምስት አደረሰች። ሁለቱም እየተፈራረቁ ታቀፉ፣ በ13ኛው ቀን ሁለት ተፈለፈሉ፣ በማግስቱ ሶስተኛው፣ ከዛ ዝም። አበቃ ስል ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሚጢጢ ወጣች። አምስተኛው እስካሁን እንቁላል ነው።

አሁን ትልልቆቹ 7 ቀናቸው ነው፣ አይናቸው ሊገለጥ ምንም አልቀረውም፣ ክንፋቸው ላይ እንደ እሾህ እንደ እሾህ የሚል የላባ ቡቃያ ወጥቷል። ትንሿ ገና 4 ቀኗ ነው፣ ቆዳ ብቻ ናት፣ ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም ትንሽ ስለሆነች ነው ሴት ያደረኳት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የትልልቆቹ አንገት በጎን በኩል አብጦ የበሉት ጥሬ በቆዳው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ያ የምግብ ከረጢታቸው ነው፣ ክሮፕ ነው የሚሉት። የሷ ግን ዛሬ ከሰዓት ሳያት ጠፍጣፋ ነው፣ ምንም የለውም። አባትየው ሲመጣ ትልልቆቹ አንገታቸውን አስረዝመው ይንጫጫሉ እሷ ከስር ተጨፍልቃ አፏን መክፈቷም አይታይም።

እና አውጥቼ በእጄ ላሳድጋት ወይስ ልተዋት? ብነካት እናትየው ትጠላታለች ይባላል እውነት ነው? አንድ ሰው ደሞ ዳቦ በወተት ነክረህ ስጣቸው አለኝ ይሄስ እንዴት ነው? እኔ እየሰጠኋቸው ያለሁት የተለመደውን ድብልቅ ጥሬና ውሃ ብቻ ነው። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ ሌሊቱን እንዳላጣት ፈርቻለሁ።

ክንፍ99

ወንድሜ ምን ትጠብቃለህ አውጣት በቃ! አንድ ትንሽዬ ሳጥን፣ አምፖል፣ ስሪንጅ፣ አለቀ። እኔ ፓሮት በእጄ አሳድጌያለሁ ምንም ከባድ ነገር የለውም፣ ደሞ በእጅ ያደገ ወፍ ለማዳ ነው የሚሆነው ትከሻህ ላይ ነው ተቀምጦ የሚውለው።

የድሮ አርቢ

ክንፍ፣ ፓሮት ሌላ ፊንች ሌላ። የ4 ቀን የፊንች ጫጩት እኮ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ነገር ናት፣ አንድ ጠብታ ካለቦታው ከገባ ሳንባዋ ሞላ ማለት ነው።

ልጄ አንተ መጀመሪያ ተረጋጋ። ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ፣ መብራት ከመጥፋቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ሂድና እንደገና እያት። ከሰዓት ላይ ባዶ ሆና ማየትህ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ወላጆቹ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ ነው የሚመግቡት፣ አንዱ ጎርሶ ሌላው የበላውን አውርዶ ሲጨርስ ልትደርስ ትችላለህ። ወሳኙ የመኝታ ሰዓት ነው። ማታ ሞልታ ከተኛች ጠዋት ባዶ ብትሆን ችግር የለውም፣ ሌሊቱን ፈጭታዋለች ማለት ነው። ማታ ባዶዋን ከገባች ግን ያን ሌሊት ማለፏ ያጠራጥራል፣ እጅህን የምታስገባው ያኔ ነው።

ለምን አነሰች ካልክ የማንም ጥፋት አይደለም። ፊንች የመጀመሪያውን እንቁላል እንደጣለች ጠበቅ አድርጋ አትታቀፍም፣ ሶስተኛው አራተኛው ላይ ነው የምር የምትቀመጠው፣ ከዛ በኋላ የተጣለው ዘግይቶ ይሞቃል ዘግይቶ ይፈለፈላል። ሶስት ቀን ለኛ ምንም ነው፣ በሶስት ሳምንት ውስጥ ከራቁትነት ተነስቶ ለሚበር ፍጥረት ግን ብዙ ነው።

እውነቱን ልንገርህና አንተ ቤት የተራበችው ትንሿ ብቻ አይደለችም፣ ወላጆቹም ናቸው። ደረቅ ጥሬ ብቻ እየሰጠህ አራት ጫጩት አሳድጉ እያልካቸው ነው። ነገ በጠዋት መብራቱ እንደበራ መጀመሪያ የሚያገኙት ነገር የእንቁላል ምግብ ይሁን። አንድ እንቁላል 10 ደቂቃ ቀቅለህ በሹካ ድቅቅ አርገው፣ ቅርፊቱንም ታጥቦ የተቀቀለ ስለሆነ አድቅቀህ እዛው ጨምር፣ እናትየው አምስት እንቁላል ስትጥል ከአጥንቷ ያወጣችውን ካልሲየም ትመልስበታለች፣ ጫጩቶቹም አጥንት ይሰሩበታል። የማያውቁት ምግብ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ላይነኩት ይችላሉ፣ የሚወዱትን ጥሬ ላዩ ላይ በትንበት እየለቀሙ ይለምዱታል። ከ2 ወይ 3 ሰዓት በላይ ግን ኬጁ ውስጥ እንዳታቆየው፣ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል፣ የተበላሸውን ደሞ ወስደው ለጫጩቶቹ ነው የሚያጎርሱት። ከዛ ሌላ የራሳቸውን ጥሬ ነክረህ እንደ ብቅል አብቅልላቸው፣ በቀን ሁለት ሶስት ጊዜ በንፁህ ውሃ እያለቀለቅክ ጫፉ ነጭ ብሎ ብቅ ሲል ስጥ፣ ለስለስ ስለሚል ለጫጩት ሆድ ይቀላል። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው ጣለው፣ አትሰስት።

ዳቦ በወተት ያለህ ሰው ወፍ አርብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ወፍ አጥቢ አይደለም፣ የወተትን ስኳር የሚፈጭበት ነገር ሆዱ ውስጥ የለውም፣ ያስቀምጠዋል። በ4 ቀኗ ካስቀመጣት ደርቃ ትሞታለች በቃ።

መንካቱን አትፍራ፣ የሰው እጅ ነካው ብሎ ልጁን የሚተው ፊንች አላየሁም። እጅህን ታጠብ፣ አሙቀው፣ ቶሎ ጨርስ፣ ይሄው ነው። እንዲያውም ትልልቆቹ ጠግበው በተኙበት ሰዓት ትንሿን ከስራቸው አውጥተህ ከላያቸው አድርጋት፣ አባትየው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የሷን አፍ ይሆናል። ቀላል ነገር ነው ግን ብዙ ጊዜ ሰርቶልኛል።

ላባ ሰብሳቢ

የጋሼን ሃሳብ እደግፋለሁ፣ እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ፣ ቢያሳፍርም።

ከአንዴም ሁለቴ አውጥቻለሁ። የመጀመሪያዋ የ3 ቀን ነበረች፣ ልክ እንዳንተ ባዶ አንገት አይቼ ደነገጥኩና ወዲያው አወጣሁ። ሳጥን፣ አምፖል፣ ፎጣ፣ ሁሉም ነገር አለ ብዬ ነበር ግን ቴርሞሜትር አልነበረኝም፣ በግምት ነው የማሞቀው። በዛ እድሜ ወደ 36 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ፣ ላባ እያወጡ ሲመጡ ነው ቀስ እያልሽ የምትቀንሽው፣ እኔ ግን አንዴ አግላታለሁ አንዴ አበርዳታለሁ። ምግቡስ በየሰዓቱ ወይ በየሰዓት ተኩሉ ነው፣ ከማለዳ እስከ ማታ፣ ሽንት ቤት ለመግባት ሰዓት እያየሁ ነበር። ጫጩት በእጅ ለመመገብ የሚሸጠው የምግብ ዱቄት በውሃ ሲበጠበጥ ደሞ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ቀዝቀዝ ካለ ከረጢቱ ውስጥ ይቆምና ይኮመጥጣል፣ 43 አካባቢ ከደረሰ ከረጢቱን ያቃጥለዋል። በሶስተኛው ቀን ሞተችብኝ። ምናልባት ጎጆው ውስጥ ብተዋት ማታውኑ ትበላ ነበር፣ አላየሁማ፣ እስከ ማታ መች ጠበኩ።

ሁለተኛው ተረፈ፣ ወንድ ሆነ። ክንፍ እንዳለው ለማዳ ነው እጄ ላይ ይተኛል ግን ዘፈኑን ብትሰሙት ትስቃላችሁ ከዛ ታዝናላችሁ። ወንድ ዜብራ ፊንች ዘፈኑን ከአባቱ ነው የሚማረው፣ ከ25 ቀኑ ገደማ ጀምሮ እስከ ሁለት ወር ምናምን ድረስ እየሰማ ይቀርፃል ከዛ ራሱ ይለማመዳል፣ በዛን ጊዜ ይሄኛው የሚሰማው የኔን ድምፅና የፍሪጅ ድምፅ ብቻ ነበር። አሁን የሚያወጣው ነገር ዘፈን አይባልም፣ የተሰበረ ማንቂያ ሰዓት በሉት። ሴቶቹ ዞርም ብለው አያዩትም።

ስለዚህ ጀማሪው፣ ማውጣት የመጨረሻው ነገር ነው። ከዛ በፊት መሃል ላይ ያለ መንገድ አለ፣ እዛው ጎጆው ውስጥ እያለች ድጋፍ መስጠት። ማታ ባዶ ከሆነች ቀጠን አርገህ የበጠበጥከውን የጫጩት ዱቄት አንድ ጠብታ በቀጭን ነገር አፏ ጎን ላይ አስነካት፣ ራሷ ትውጠው፣ ከዛ ሌላ ጠብታ። ወደ ውስጥ አትግፋ! ከረጢቷ ትንሽ ሞላ ሲል አቁምና መልሳት። ለሊቱን የእናቷ ሙቀት ነው የሚያሳድራት እንጂ አምፖል አይደለም።

ክንፍ99

እሺ እሺ ተማርኩ 😅 የፍሪጁን ግን አልረሳውም።

ጀማሪው

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማታ 12 ሰዓት ላይ አየኋት፣ ትንሽ ትንሽ ነጭ ነጠብጣብ የመሰለች ጥሬ ከረጢቷ ውስጥ ነበረች፣ ሙሉ አይደለችም ግን ባዶም አይደለችም። አራት ጠብታ ሰጥቻት መለስኳት። ዛሬ ጠዋት እንቁላሉን ሳስገባ መጀመሪያ ሸሹት፣ ጥሬ በተንኩበት፣ ከዛ አባትየው እንደ አበደ በላ።

ግን ሌላ ጉድ መጣ። አሁን ቅድም ከስራ ስገባ ሶስተኛው ጫጩት ኬጁ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ቀዝቅዟል፣ አይንቀሳቀስም፣ አፉን አንዴ ከፈት ያደረገ መሰለኝ። እየጣሏቸው ነው እንዴ? ምግብ ልስጠው?

የድሮ አርቢ

ምግብ እንዳትሰጠው! የቀዘቀዘ ጫጩት ሆዱ አይሰራም፣ መጀመሪያ ሙቀት። በሁለት እጅህ ጨብጠህ እስትንፋስህን እያስነካህ ያዘው፣ ሩብ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይፍጅ፣ የሞተ የሚመስል ሲነሳ ብዙ አይቻለሁ። ሮዝ ቀለሙ ሲመለስና ሲንቀሳቀስ ጎጆው ውስጥ ወንድሞቹ መሃል ክተተው። መመገቡን ወላጆቹ ያውቁበታል።

ስለ መጣሉ፣ ቶሎ አትፍረድባቸው። አንዳንዴ የተቀመጠችው እናት በድንገት ደንግጣ ስትወጣ ጫጩት እግሯ ላይ ተጠልፎ አብሯት ይወጣል። አንተ በየሰዓቱ ጎጆ ውስጥ ስትመለከት ከነበረም ያው ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል፣ ጠዋትና ማታ። አውቀው የሚጥሉም አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ፣ ፕሮቲን ያነሳቸው፣ ወይ ሌላ እንቁላል ለመጣል የቸኮሉ። ኬጁ ውስጥ ትርፍ ሳር አለ?

ጀማሪው

አለ፣ እንዲጫወቱበት ብዬ ጥግ ላይ ትቼላቸዋለሁ።

የድሮ አርቢ

አውጣው። ይሄ ወፍ የአውስትራሊያ ደረቅ አገር ወፍ ነው፣ እዛ ዝናብ ጥሎ ሳሩ ሲያፈራ ነው የሚራባው፣ የተወሰነ ወር ጠብቆ አይደለም። አንተ ቤት ሁሌ ጥሬ አለ ሁሌ ሳር አለ፣ ለሱ ሁሌ ዝናብ ነው ማለት ነው። ሳር እስካየ ድረስ አባትየው መስራቱን አያቆምም፣ በእንቁላሉ ላይ እንቁላል፣ አንዳንዴም በጫጩቶቹ ላይ ሳር እየደረበ ይቀብራቸዋል።

አንድ ሌላ የምታየው ነገር፣ ማታ ኬጁን በነጭ ጨርቅ ሸፍነህ ጠዋት ጨርቁን በደንብ እየው። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀይ ተንቀሳቃሽ ነገር ካለች ማይት የምትባለዋ ደም መጣጭ ተባይ ናት፣ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ሌሊት የጫጩቶቹን ደም ትመጥጣለች፣ ወላጆቹም መቀመጥ ያስጠላቸዋል። ካገኘህ ግን የቤት ፀረ ተባይ እንዳትነፋ፣ ጎጆውን መቀየርና የወፍ ሐኪም መጠየቅ ነው።

ላባ ሰብሳቢ

ተነሳ ወይ??

ጀማሪው

ተነሳ! ሃያ ደቂቃ ገደማ እጄ ውስጥ ይዤው ተቀምጬ ነበር፣ መጀመሪያ እግሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዛ ጭው ጭው አለ፣ እኔም አብሬው ልጮህ ምንም አልቀረኝም። መልሼዋለሁ፣ አሁን ከረጢቱ ሞልቷል። ጨርቁ ላይ ምንም አልተገኘም፣ ሳሩንም አውጥቻለሁ። ምናልባትም እኔው ነኝ ያስደነገጥኳት፣ ቅዳሜ ቀን ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው ብነግራችሁ ትሰድቡኛላችሁ።

ጀማሪው

ሳምንት አለፈው፣ ይኸው ተመለስኩ። ትልልቆቹ 14 ቀን ሆናቸው፣ ትንሿ 11። አሁንም ታንሳለች ግን ማታ ማታ ሞልታ ነው የምትተኛው፣ ጠብታውን ካቆምኩ አራት ቀኔ። የሚያሳስበኝ ነገር ሁለት ነው። ወላጆቹ ማታ ጎጆ ውስጥ ማደር ትተዋል ውጭ እንጨቱ ላይ ነው የሚተኙት፣ ተዋቸው እንዴ? ሁለተኛ ጎጆው በኩስ ተሞልቷል በፊት ንፁህ ነበር፣ ላጥበው? አምስተኛውን እንቁላል ደሞ በባትሪ ብርሃን አየሁት፣ ውስጡ ወለል ብሎ ጠራ፣ ምንም የለውም። ከመጀመሪያም አልተፀነሰም መሰለኝ።

ላባ ሰብሳቢ

ሁለቱም ያለ ነው። በዚህ እድሜ ላባ ስላላቸው አራቱ ተጣብቀው ራሳቸውን ያሞቃሉ፣ ወላጆቹ ከ10 እና 12 ቀን በኋላ ማታ አብረው ማደር እየተዉ ይመጣሉ። ብቻ ኬጁ ነፋስ የሚገባበት ቦታ እንዳይሆን፣ ትንሿ ስላለች ቤቱም ባይቀዘቅዝ ጥሩ ነው። ኩሱም እንደዛው፣ ህፃን ሳሉ ወላጆቹ ኩሱን ራሳቸው ያነሱታል፣ አሁን ብዛቱ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ደረቅ ከሆነ ተወው። እርጥብ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ብቻ ላዩን ቀስ ብለህ አንስተህ ደረቅ ሳር ጣል አርግበት፣ ጎጆውን ግን ከቦታው እንዳታነሳው።

ካሁን በኋላ ደሞ እጅህን ሰብስብ። ከ14 ቀን በኋላ ጎጆ ስትነካ ይፈራሉ፣ አንዱ ደንግጦ ሲወጣ ሁሉም ይከተለዋል፣ መብረር ሳይችሉ ወለል ላይ ይበተናሉ። ከውጭ ሆነህ ልመናቸውን አዳምጥ፣ አራት ድምፅ ከሰማህ አራት አሉ። ጊዜያቸው ሲደርስ፣ 18 ቀን ላይ አንዳንዴም 21፣ ራሳቸው ይወጣሉ።

እግረ መንገዴን፣ እነዚህ ወፎች ቀኑ ሲሞቅ ገና እንቁላል ውስጥ ላሉ ልጆቻቸው የተለየ ድምፅ እያሰሙ እንደሚያወሯቸው ታውቃላችሁ? በፈረንጆቹ 2016 የወጣ ጥናት ነው፣ ያን ድምፅ የሰሙት ጫጩቶች ከሙቀቱ ጋር የሚሄድ አነስ ያለ ሰውነት ይዘው ያድጋሉ ይላል። ካነበብኩት ጀምሮ እንቁላል ላይ የተቀመጠ ፊንች ባየሁ ቁጥር ጆሮዬን ነው የማቆመው።

ክንፍ99

እኔ ከፓሮት የማውቀውን አንድ ልጨምር፣ ይሄ ለሁሉም ወፍ ይሰራል። ወፎቹ ባሉበት ቤት የማይጣበቅ መጥበሻ፣ ቴፍሎን ያለውን፣ እሳት ላይ ረስታችሁ እንዳታግሉ። ጭሱ ሰው ገና ሳይታወቀው ወፉን በደቂቃዎች ነው የሚጨርሰው። ጫጩትማ አይጠየቅም።

የድሮ አርቢ

እውነት ነው፣ ክንፍ እዚህ ላይ አልተሳሳተም።

ልጄ ከመውጣታቸው በፊት ኬጁን አዘጋጅ። አንድ መቆሚያ እንጨት ዝቅ አድርገህ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ አስቀምጥ፣ መጀመሪያ ቀን ከፍ ያለ ላይ አይወጡም። ጥሬና እንቁላል ወለሉ ላይም በሳህን ይኑር። የውሃ መታጠቢያውን ጥልቁን አውጣ፣ ጥልቀት የሌለው ሳህን አርገህ ጠጠር ጨምርበት፣ ሲወጡ ምን ላይ እንደሚያርፉ አያውቁም ብዙ ጫጩት የሞተው ውሃ ሳህን ውስጥ ነው። ማታ ወደ ጎጆ ይመለሳሉ፣ ካልተመለሱ አንስተህ ክተታቸው። ከወጡም በኋላ ወላጆቹ፣ በተለይ አባትየው፣ ሌላ ሁለት ሳምንት ያጎርሷቸዋል፣ ስለዚህ ወጡ ብለህ እንዳትለያቸው። አፋቸው ጥቁር እስከሆነ ድረስ ልጆች ናቸው። 35 ቀን አካባቢ ራሳቸውን ችለው ጥሬ ሲፈለፍሉ ታያለህ፣ ያኔም አትቸኩል፣ ወንዶቹ አባታቸውን እየሰሙ ይቆዩ፣ የእህቴ ፍሪጅ ዘፋኝ እንዳይደገም። አባትየው ሲያባርራቸው ካየህ ግን ለያቸው። እናትየው ደሞ እነዚህ እንደወጡ ወዲያው ሌላ እንቁላል ልትጀምር ትችላለች፣ ሁሉም ማታ ውጭ ማደር ሲለምዱ ጎጆውን አንሳውና ትረፍበት።

ጀማሪው

22ኛ ቀን። ሶስቱ ከትናንት ወዲያ ወጡ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ነው የመታው፣ ደህና ነው። ትንሿ 19 ቀኗ ነው፣ አፏን ጎጆው በር ላይ አስቀምጣ ውጭውን ስታይ ትውላለች፣ አትወጣም። አስቂኙ ነገር አሁን ጎጆው ውስጥ ብቻዋን ስለሆነች አባትየው ገብቶ እሷን ብቻ ነው የሚያጎርሰው፣ ከረጢቷ ከሁሉም በልጦ ተወጥሯል። ትንሽ ገፋ ባደርጋት ትወጣ ይሆን?

የድሮ አርቢ

ምን ብላ ትውጣ፣ ብቻዋን እየበላች! አትንካት። የውሃው ሳህን ውስጥ ጠጠር ጨምረሃል?

ጀማሪው

ኧረ ጋሼ ረሳሁት፣ ሄድኩ።